ስልክ አለው

የጥገና ኃላፊው ቤታቸው ድረስ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ባሏ ከዘራውን ተመርኩዞ በሩን ሲከፍት ቀና ብላ አየችና እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። ባሏ ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ ይኼን ሰው በር በሩን እያየች ስንት ቀን እንደጠበቀችው የምታውቀው እሷ ናት። ያን ጊዜ የውሃ ሽታ ሆኖ የቀረው ሰውዬ፣ ዛሬ ካርቶን በብብቱ ሸጉጦ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ደጃፏ ላይ ቆሟል።

ግባ ያለው ባሏ ነው። ወንበር የሳበለትም ባሏ ነው። እሷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ባሏን የውሃ ድርጅቱ ሰዎች «ጠላቂው» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ገና ጎረምሳ ሳለ ነው፤ ሌላው ሠራተኛ አፍንጫውን ይዞ የጉድጓዱን አፍ ሲዞር እሱ ቱታውን ለብሶ ዘው ይል ስለነበር። መንገድ ሥር ቧንቧ ሲፈነዳ፣ የቫልቭ ጉድጓድ ውሃ ሲሞላ፣ ጠላቂውን ጥሩት ነበር የሚባለው። ያን ክረምት ግን ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ያረጀው ቧንቧ ተተረተረና፣ ተገንጥሎ የወደቀው ብረት ግራ እግሩን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ውሃው ደረቱ ድረስ መጣ። ሲጮህ ውሎ፣ ወደ ማምሻው በዚያ ያለፈች አንዲት የመንገድ ጽዳት ሠራተኛ ሰምታው ሰው ጠራችለት። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ከጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ ደርቆ ቀረ። ድርጅቱም በጡረታ ሸኘው።

ለምን ስልክ ደውሎ ሰው አልጠራም ብላ ስትጠይቅ፣ ስልኩ ረጥቦ ሞቶበት ነው ተባለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይቺን የረጠበች ስልክ በሆዷ ይዛ ኖረች። ባሏ ውሃ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚሆን ስልክ ስጡን ብሎ ደጋግሞ ሲለምን ሰምታለች። ኃላፊው ጆሮ ዳባ ልበስ ማለቱንም ሰምታለች። ሌላ ምን ማወቅ ያስፈልጋታል?

ኃላፊው ካርቶኑን ከፈተ። ከውስጡ የወጣው ስልክ ወፍራም ነው፤ ጠርዙ በጥቁር ጎማ የተለበጠ፣ ሲያዩት የግማሽ ጡብ ያህል። ውሃ አይገባውም አለ ኃላፊው፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ጭቃም አቧራም አይበግረውም። ድርጅቱ ለመስክ ሠራተኞች በሙሉ ሊገዛ አስቧል፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው ለዕለት ኑሮው እየተጠቀመ እንዲመዝነው ይፈለጋል። የሚሞላ ወረቀት የለም። ሲጨርስ የድርጅቱ ግቢ መጥቶ ያየውን ካሜራ ፊት መናገር ብቻ ነው።

«ውሃን ከአንተ በላይ የሚያውቅ ከየት አመጣለሁ ብዬ ነው» አለና ሳቀ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ሳቁ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ከምትለው ሁሉ የቱን እንደምታስቀድም ስትፈልግ ባሏ ቀደማት።

«እሞክረዋለሁ፣ አለቃ» አለ።

ሰውዬው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ፣ በሆዷ ያጠራቀመችው ሁሉ በባሏ ላይ ወረደ። ክብር የለህም ወይ አለችው፤ እግርህን ወስዶ ስልክ ሲያመጣልህ እጅ ነሥተህ ትቀበላለህ ወይ አለችው። እሱ ከስክሪኑ ላይ ስስ ላስቲኩን በጥፍሩ ቀስ ብሎ እየላጠ ነበር። የሚያንገበግባት ይኼው እርጋታው ነው። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። የተቆጣችው እሷ፣ የተሳደበችው እሷ፣ ድርጅቱ በር ላይ ከጥበቃዎች ጋር አንገት ለአንገት የተያያዘችው እሷ። ለሁለት ሰው መቆጣት ደግሞ ያደክማል።

«አንተ ሰው፣ ደም የለህም?»

«ሥራ ነው የሰጡኝ» አላት፣ ቀና ሳይል።

እንደ ሥራም ያዘው። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ሬዲዮ እያሰማ ከእሱ ጋር አብሮ ሻወር ወሰደ። ሲወጣ ድሮ ስለ ቧንቧ እንደሚያወራው አወራላት። ውሃው ድምፅ ማጉያው ውስጥ ሲገባ የሚናገረው ሰው ድስት ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል፤ አራግፈውት ትንሽ ሲቆዩ ድምፁ ይጠራል። ቻርጀሩን ሲሰኩበት ደግሞ አፉ ካልደረቀ አልጎርስም ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ይኼ ጥሩ ነው፣ እንዳይቃጠል ነው። እርጥብ ጣት ግን አያውቅም። ስክሪኑ ላይ የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት የራሱን ሥራ ይጀምራል፤ ከፈለገ ይዘጋል፣ ካሰኘው ይደውላል። አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ልጃቸው ደወለላትና፣ ልጅቱን ደንበኛ ፊት እንደቆመች አባቷ ሻወር ሥር የሚያንጎራጉረውን ዘፈን እስከ መጨረሻው አሰማት። ማታ ስትመጣ፣ አባዬ ድምፅህ ለሳል መድኃኒት ፈላጊ ጨመረልን ብላ ሳቀችበት።

ክብደቱም ነገር ነው። ኪሱ ሲገባ ሱሪውን በአንድ ጎን ይጎትተዋል። ልብስ ሰፊዋ ባሏ አንድ ጎኑ ወርዶ ሲያነክስ ማየት ቢያስጠላት፣ ከጂንስ ቁራጭ ድርብ ኪስ ሰፍታ ለጠፈችለት። ስትሰፋም ስትራገም ነበር።

ከዚያ በኋላ ፈተናውን እሷ ቀማችው። እስቲ ወዲህ በል አለችና ስልኩን ልብስ ከምትዘፈዝፍበት ባልዲ፣ ከነሳሙናው ውስጥ ወረወረችው። ከአንሶላ ጋር አሸችው። ባልዲው ውስጥ እንዳለ ባሏ ሲደውልበት በአረፋው ውስጥ እየበራ ጮኸ። ጓንት አድርጋ ነካካችው፤ ይሠራል። ከደረጃ ጫፍ ለቀቀችው፤ እየተንከባለለ ወርዶ ታች የጎረቤት ደጃፍ ላይ በአፍ ጢሙ ተደፋ። ስታነሣው ጎማው ትንሽ ተፍቆ ነበር፤ ሌላ ምንም። ባትሪው ደግሞ አያልቅም። የሷ ስልክ ከሰዓት በኋላ ስትንፈራገጥ ያኛው ገና ማለዳ ላይ እንዳለ ነው።

ልጅቱ አንድ ማታ እናቷ ስልኩን ማጠቢያ ገንዳ ሥር ደፍቃ ቧንቧውን ሙሉ ለሙሉ ስትከፍትበት አይታ፣ «እማዬ፣ ይኼ ስልክ ምን አድርጎሽ ነው?» አለቻት።

ምን እንዳደረጋት ለራሷም አልገባትም ነበር። እንዲሞት ትፈልጋለች። ቢሞት ኃላፊው ፊት ላይ ወርውራለት፣ ይኼው ዛሬም የሰጠኸን ቆርቆሮ ነው ልትለው ነው። ስልኩ ግን አልሞት አለ። ከእያንዳንዱ ፈተና በወጣ ቁጥር አንጀቷ ይበልጥ አረረ፤ ጥሩ መሆኑ ከመጥፎነቱ የባሰ ሆነባት። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ነበረ ማለት ነው እኮ። ባሏ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲጮህ፣ ይኼ ስልክ አንድ ቦታ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ይቺ ሐሳብ እንቅልፍ ብትነሳት ስልኩን ይዛ ከገበያው ዳር ያለ የስልክ ሱቅ ሄደች። ባለ ሱቁ አገላብጦ አየው። እንዲህ ያለው አዲስ ነገር ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። የለም እትዬ አላት፤ እኔ ሱቁን ስከፍት ጀምሮ ከመደርደሪያዬ ጠፍቶ አያውቅም፤ ግንበኞችም ጀልባ ቀዛፊዎችም ይወስዱታል። ሱቁን መቼ እንደከፈተ ጠየቀችው። ነገራት። ባሏ ከመጎዳቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። በእግሯ ስትመለስ ሰላም ያሏትን ሰዎች አላየቻቸውም።

ቤት ገብታ አንድ ቃል ሳትናገር ስልኩን ከግድግዳው ጋር አላተመችው። ልስኑ ፈረሰና ወለሉ ነጭ በነጭ ሆነ። ባሏ እየጎተተ ተነሥቶ ስልኩን ከፍርስራሹ ውስጥ ለቀመው፤ በሸሚዙ ጠረገው። እጁ ላይ እንዳለ ጮኸ። ኃላፊው ነው፤ ስልኩ እንዴት ይዞሃል ሊል።

ባሏ የተቦደሰውን ግድግዳ እያየ፣ «ጠንካራ ነው፣ አለቃ» አለው።

ልጅቱ አፏን በእጇ አፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። ልብስ ሰፊዋንም ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ሊያመልጣት መሆኑ ይበልጥ አናደዳት።

እሑድ ዕለት ሲባጎ መጣ። ሲባጎ የባሏ የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነው ይኼ ስም የወጣለት። ከአደጋው ወዲህ በእሑድ በእሑዱ ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ አያወራም፤ ባሏን ፀጉር አስተካካይ ቤት ይወስደዋል፣ ያመጣዋል። እሷም እንደ ወንድሟ ታየዋለች።

ስልኩን አነሣ፣ በእጁ መዘነ፣ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቁጭ ብድግ አለ። ጥሩ ዕቃ ነው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግቢው ውስጥ የሚወራውን ለባሏ ነገረው። ስልኩ ለሁሉም ሲታደል ወደ ጉድጓድ የሚወርዱት ለየብቻ ሊሆን ነው። እያንዳንዱ ሰው ስልክ ካለው ሌላ ሰው አፉ ላይ ማስቆም የሥራ ጊዜ ማባከን ነው ተብሏል።

«አፉ ላይ የሚቆመው የምን ሰው ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሲባጎ ባሏን አየ። ባሏ መሬት መሬቱን አየ።

«ጠየቅኩ እኮ» አለች።

ሲባጎ ነገራት። አንድ ሰው ሲወርድ አንድ ሰው የጉድጓዱ አፍ ላይ መቆም አለበት፤ ደንቡ ከድሮም ነው፤ የወረደው ሰው አንድ ነገር ቢሆን የሚጮህለት እሱ ነው። ይኼን ሲናገር ይዞት የመጣውን ብርቱካን በእጁ እያገላበጠ ነበር። ያን ቀን አፉ ላይ ቆሞ የነበረው ማን እንደሆነ ጠየቀችው።

«እኔ ነበርኩ፣ እትዬ» አላት። «ኃላፊው በመኪና መጣ። ሌላ ሰፈር ፓምፕ ሊነሣ ነው፣ ሰው አንሶኛል፣ ና ግባ አለኝ። ጠላቂው ታች ነው አልኩት። ስልክ አለው፣ ከፈለገ ይደውላል አለኝ። ሄድኩ።»

ስልክ አለው። ልብስ ሰፊዋ ባሏን ዞራ አየችው፤ ይኼን ሁሉ ጊዜ ያውቅ እንደነበር ፊቱ ላይ አነበበች። ለምን እንደደበቃት ሳትጠይቀው ነገራት። ብትሰማ ድርጅቱ ድረስ ሄዳ እንደምትጮህ ያውቃል፤ እሷ ስትጮህ ጣት የሚቀሰረው ቦታውን ለቅቆ በሄደው ሰው ላይ ነው፤ ሲባጎ ደግሞ ልጆች አሉት። ስልኩ ረጥቦ ነው ቢባል ማንም አይጎዳም ብሎ ነው።

«እኔስ?» አለችው። «እኔን የማይጎዳኝ መሰለህ?»

ሁለቱንም ቤቱ ውስጥ ትታቸው ወጣችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሲባጎ ሲወጣ ይቅርታ ሊላት አጎነበሰ፤ ቀና ብላ አላየችውም። ቤት ስትገባም ባሏን አላናገረችውም። ሳህን ስታጥብ ሳህኖቹ ተናገሩላት።

በማግስቱ ጠዋት ባሏን ልብሱን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ስልኩ ገና በደንብ አልተፈተነም አላት። መፈተን ያለበት ያ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

በምሳ ሰዓት ሲባጎ የክዳን ማንሻውን የብረት መንጠቆ ይዞ ጠበቃቸው። ጉድጓዱ ከአንድ ጋራዥ አጥር ሥር፣ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ነው። ክዳኑ ሲነሣ የዛገ ብረትና የቆየ ውሃ ሽታ ፊታቸውን መታቸው። ባሏ ሊወርድ ከዘራውን ለሲባጎ አቀበለ፤ እሷ ግን የድሮ ቱታውን ከነቦቲው ለብሳ ነበር የመጣችው። ሲባጎ፣ እትዬ ተይ፣ እኔ እወርዳለሁ ቢላት፣ «አንተ አፉ ላይ ቁም» አለችው። «አፉ ላይ መቆም ነው የምፈልግህ።»

ግድግዳው ላይ የተተከሉትን የብረት መወጣጫዎች እየረገጠች ወረደች። ብረቱ ያሙለጨልጫል፤ ቦቲው ሰፍቷት እግሯን በእያንዳንዱ መወጣጫ ላይ ሁለቴ ሁለቴ ታሳርፋለች። ከታች ያለው ውሃ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ መጣ። ዞር ስትል ክንዶቿ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ነኩት። ቫልቩ በአዲስ ተተክቶ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ከጎኑ ያለው ግድግዳ ግን የተፋቀው እንደተፋቀ ነው። የባሏ እግር የተጣበቀው እዚያ ጋ መሆኑ ሳይነገራት ገባት። እጇን አሳረፈችበት። ይኼን ቦታ በልቧ ስንቴ ስላ ነበር፤ ይኼን ያህል ጠባብ አድርጋ ግን አልሳለችውም።

ስልኩን ውሃው ውስጥ ነከረችው። ውሃው ሥር ሆኖ አበራ። አወጣችውና በጣቷ ጠርጋ የራሷን ቁጥር ደወለች፤ ስልኳ ከላይ፣ ባሏ እጅ ነው ያለው። አይጠራም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ኔትወርክ የለም ይላል። እንደገና ደወለች። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ደወለች። አንድ መወጣጫ ወጥታ ሞከረች፣ ሌላም ወጥታ ሞከረች። ጭንቅላቷ ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ሊል ሲል ነው ስልኩ ነፍስ የዘራው፤ ያኔ ደግሞ ባሏን በእጇ ልትነካው ትችላለች።

ተመልሳ ወረደች። ለምን እንደወረደች ሲጠይቋት ኋላም ልታስረዳቸው አልቻለችም። ውሃው ውስጥ ቆመች። ስልኩ እጇ ላይ ጤነኛ ነው፤ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ጭረት የለም።

«ሲባጎ» አለች፣ ድምፅዋን ብዙም ሳታነሣ።

«አቤት፣ እትዬ» አለ ከላይ፣ ስሙን ሳትጨርሰው።

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ለቅሶው የሐዘን አልነበረም፤ ጥርሷን ነክሳ ነው ያለቀሰችው። በዚያች ረጥባለች በተባለች ስልክ ላይ ያንን ሁሉ ቁጣ አባክናለች። የሚያስቆጣው ይኼ ነበር፤ እዚያ፣ ከራሷ በላይ፣ ያ ክብ ብርሃን ውስጥ ሰው ነበረ፤ ነበረና አነሡት።

ስትወጣ ባሏ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አየችው። ታች ኔትወርክ እንደሌለ ታውቅ ነበር? አለችው።

«ያን ቀንም ከመርጠቡ በፊት ደውዬ ነበር» አላት። «አልጠራም። ግን ምናልባት ስልኩ ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ጥሩ ስልክ ቢሆን ይጠራ ነበር እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። እኔም እኮ ስልኩ ነው ብዬ ማመን ፈልጌ ነው የተቀበልኩት።»

  ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ጂንሱ ኪስ ውስጥ ከተተውና ሳይደገፍ ተነሣ።

የግቢው ቀጠሮ በሳምንቱ ማለዳ ላይ ነበር። ሠራተኞቹ ወደ ሥራ ከመሰማራታቸው በፊት ተሰብስበዋል። ረጅም ጠረጴዛ ላይ አዳዲሶቹ ስልኮች ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል፤ ለአንዳንዱ ቀድሞ ታድሎታል። አንዲት ልጅ ካሜራ ተክላለች። ኃላፊው ጠላቂውን በትከሻው አቅፎ ካሜራው ፊት አቆመው። ልብስ ሰፊዋ ከመኪኖቹ አጠገብ ቆመች። ባሏ ቤት ሳሉ፣ ዛሬ ለእኔ ተዪልኝ ብሏታል፤ እሺ ብላዋለች፤ እሺ ማለት እንዲህ ያንቃል ብላ አልጠበቀችም።

ባሏ ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ። ስልኩ ጠንካራ ነው። ይወድቃል፣ ይነሣል። ይከብዳል፤ ኪስ በድርብ ማሰፋት ያስፈልጋል። በእርጥብ ጣት አይታዘዝም፤ ከቤት ለሚውል፣ ለገበያ፣ ለሻወር፣ ለዝናብ ጥሩ ነው። ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ከዚያ መጠየቅ ያልነበረበትን ጠየቀ፤ ያን ቀን ይኼ ስልክ በእጅህ ቢኖር ኖሮስ፣ አለው።

«ስልኩ በሕይወት ይወጣ ነበር» አለ ባሏ። «እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ወርደን አይተነዋል። አፉ ላይ የነበረውን ሰው፣ ስልክ አለው ብለህ ወሰድከው። አሁን ደግሞ የነዚህን ሁሉ ልትወስድ ነው።»

ኃላፊው ካሜራ የተከለችውን ልጅ አጥፊው አላት። ድምፁ አልተለወጠም። የሰው እጥረት እንደነበር ተናገረ፤ ያሁኑም ውሳኔ ከላይ የመጣ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ ተናገረ፤ የድሮ ነገር ማንሣት ለማንም አይጠቅምም አለ።

«ለነገሩ ማንም አልሞተም» አለ በመጨረሻ።

ልብስ ሰፊዋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደች። ከዚያ በላይ መራመድ አላስፈለጋትም። ባሏ ከዘራውን አንሥቶ ጠረጴዛውን መታው፤ ስልኮቹ ዘለሉ፣ ሁለቱ መሬት ወደቁ። ከዚያ የወጣው ድምፅ ባሏ ውስጥ እንዳለ የማታውቀው ድምፅ ነው። ስጮህ ውያለሁ አለው፤ ጉሮሮዬ ደም እስኪያመጣ ስጮህ ውያለሁ፤ በላዬ የሚያልፈውን የመኪና ጎማ እየቆጠርኩ፣ ሲባጎ ጆሮው ተደፍኖ ነው ወይስ ሞቶ ነው እያልኩ፤ አለመሞቴን አንተ አይደለህም የምትነግረኝ። ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ አውጥቶ ከሌሎቹ አጠገብ አስቀመጠው። 

ማንም አላጨበጨበም። ሠራተኞቹ አቀርቅረዋል። ከመሀላቸው ሲባጎ ወጣና የተሰጠውን ስልክ ካርቶኑ ውስጥ መለሰ፤ ሄዶ የዕቃ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሆነን ካልሆነ አልወርድም አለ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ፣ አንዱ አንዱን እያየ፣ ተቀመጡ። ኃላፊው የቀሪ ስም እመዘግባለሁ አለ። ያን ቀን አንድም ክዳን አልተነሣም።

ቤት ሲገቡ ባሏ ጫማውን ሳያወልቅ መናገር ጀመረ። ሆስፒታል ሳለ ያልተናገረውን፣ ጡረታ ሲያስፈርሙት ያልተናገረውን፣ ሁሉንም አወጣው። ከምድጃው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ምድጃው እያነከሰ ሲመላለስ ምሳው ቀዘቀዘ። እሷ ሱሪ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣ ታዳምጠዋለች። መሀል ላይ ቆም ብሎ፣ አንቺ ምነው ዝም አልሽ አላት።

«እኔ ስንት ዓመት ስናገር ኖርኩ» አለችው። «ዛሬ አንተ ተናገር።»

ድርጅቱ ጥቂት ቀን አንገራገረና፣ ሁለት ሰው ሳይሆን ማንም አይውረድ የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ለጠፈ። ኃላፊውን ማንም ምንም አላለውም፤ እዚያው ወንበሩ ላይ አለ። ሲባጎን ግን ከጥገና ክፍል አንሥተው ቆጣሪ አንባቢ አደረጉት፤ እሑድ እሑድ ሲመጣ የየሰፈሩ ውሻ እንዴት እንደሚያሳድደው ያወራል። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ አላናገረችውም ነበር። አንድ እሑድ ውሻ የቀደደውን ሱሪውን ይዞ ሲመጣ ተቀብላው ሰፋችለት፤ ሂሳብ ቢላት ግን ክፉኛ ተቆጣችው።

ግቢው ውስጥ የተቀረፀውን ፊልም ያሳየቻቸው ልጃቸው ናት። ድርጅቱ ለሕዝብ ለቅቆታል። ባሏ ካሜራው ፊት ቆሞ፣ ስልኩ ጠንካራ ነው፣ ይወድቃል ይነሣል፣ ጥሩ ነው ይላል። እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ ሙዚቃ ነው።

ባሏ ጨርሶ አየው። አንዴ ድገሚልኝ አላትና ደገመችለት። ከዚያ ተነሥቶ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። አባዬ ወዴት ነው ብትለው ወደ ግቢው ነው አላት፤ የቀረውን ልነግራቸው ነው፣ በሩ ላይ ቆሜም ቢሆን ለሚገባ ለሚወጣው እነግራለሁ።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አጠፋች። «ቆየኝ፣ ጫማዬን ላድርግ» አለችው።